ለአኳሪየም መብራት ስትገዙ

ባለፈው መስከረም አኳሪየሜ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። ዓሣዎቹ መኖራቸውን የማውቀው ምግብ ስበትን አፋቸው ከላይ ብቅ ሲል ብቻ ነበር። ልጄ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ "እማ፣ ሞቱ እንዴ?" ይለኛል። አልሞቱም ነበር። ውሃውን እንዲያ ያደረገው እኔ የገዛሁት መብራት ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አኳሪየሙን የሠሩልኝ እዚሁ ሰፈር የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃውን እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ስሞላው፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲቀነስ፣ 55 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንሠራባታለን።

መብራቱን ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። "ለዓሣ የሚሆን ደመቅ ያለ ስጠኝ" አልኩት። ባለሱቁ ባለ 50 ዋት ፓውዛ አወጣልኝ። "እትዬ፣ ይሄ ሙሉ ግቢ ያበራል፤ ለዓሣማ ምን አላት!" አለኝ። ገዛሁት። ከጠዋት እስከ ማታ አበራሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ሆነ።

አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ነው፤ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ የምንለው። በዓይን ነጥሎ የማይታይ፣ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ዓይነት አለ። አልጌ ብርሃንና ምግብ ካገኘ ይራባል። ምግቡ ከዓሣው ኩስና ሳይበላ ከቀረው መኖ ይመጣል። ይሄ ዓሣ ባለበት ሁሉ አለ፣ ውሃ በመቀየር ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ብርሃኑ ግን በእጃችን ነው። ስንትና ለስንት ሰዓት እንደሚበራ የምንወስነው እኛ ነን።

ውስጡ ማን ነው የሚኖረው?

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን መልሱ። ዓሣ ብቻ ነው ወይስ ተክልም አለ?

ዓሣ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ዓሣ ጠንካራ መብራት አያስፈልገውም። ቀኑን ከሌሊቱ የሚለይበት፣ ምግቡን የሚያይበት ብርሃን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው እናንተ እንድታዩት ነው። ጭራሽ ጨለማ ውስጥ ግን አታኑሩት። ጎልድፊሽ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ካጣ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። ደማቅ መብራት የሚያስጨንቃቸው ዓሣዎችም አሉ። ኒዮን ቴትራ የመጣው ከአማዞን አካባቢ፣ ዛፍ ጥላ ከጣለበት ቡናማ ውሃ ነው። ከላዩ ኃይለኛ መብራት ስታበሩበት ድንጋይ ሥር ይገባል፣ ቀለሙም ይፈዛል። ጋፒ ይህን ያህል አይመርጥም።

ተክል ካለ ግን መብራቱ ምግብ ነው። እዚህ ላይ ነው ገንዘባችሁን በማስተዋል ማውጣት ያለባችሁ።

ለጀማሪ የምመክረው ትንሽ ብርሃን የሚበቃቸውን ተክሎች ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያ። አኑቢያስ የአፍሪካ ተክል ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ እድገቱ ቀስ ያለ። ብርሃን ሲበዛበት የሚያድገው እሱ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ የሚለጠፈው አልጌ ነው። (ስትተክሉት ደግሞ ወፍራሙን አግዳሚ ግንድ አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰሩት።) ቀያይ ቅጠል ያላቸውና አሸዋው ላይ እንደ ሣር ምንጣፍ የሚዘረጉት ተክሎች ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ብዙ ብርሃን ሲኖር ደግሞ ማዳበሪያና ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠይቃሉ። እነዚህን ሳታሟሉ መብራቱን ብቻ ብታጠነክሩ፣ ያጠነከራችሁት ለአልጌው ነው። ስለ ባሕር ኮራል አላወራም። እሱ ሌላ መብራት፣ ሌላ ጨው፣ ሌላ ኪስ ይፈልጋል።

ብርሃን ለተክል ምን እንደሚያደርግ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን ሙከራ ሞክሩት። ከውሃ ተክል አንድ ጤነኛ ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ኤሎዲያ ቢሆን ይመረጣል። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት። ውሃው ላይ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያገኝ ነው። ከዚያ የጠረጴዛ መብራት በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት አብሩበት። ትንሽ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ጥቃቅን አረፋ አንድ በአንድ፣ በመስመር፣ መውጣት ይጀምራል። ተክሉ የሚያወጣው ኦክስጅን ነው። በደቂቃ ስንት እንደሚወጣ ቁጠሩ። መብራቱን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አርቁና እንደገና ቁጠሩ። አረፋው ዘገምተኛ ይሆናል። የአምፖል ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና። ክፍል ውስጥ ይሄን ሳሳይ የመጨረሻው ወንበር ያሉት እንኳ ተነስተው ይመጣሉ።

ከዚህ ሙከራ የምትወስዱት የመብራቱ ከፍታ ወሳኝ መሆኑን ነው። መብራታችሁ ከበዛ ለመጣል አትቸኩሉ፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ገንዳችሁ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ታች አሸዋው ጋ የሚደርሰው ብርሃን ከላይኛው በጣም ያነሰ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው የሚሆን መብራት 60 ሳንቲ ሜትር ላለው አይበቃም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋት ነው። ዋት የሚነግራችሁ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው፣ የሚሰጠውን ብርሃን የምታዩት በሉመን ነው። ካርቶኑን አገላብጡና ሉመኑን ፈልጉ። ካልተጻፈ፣ ደህና የሚባል ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ80 እስከ 100 ሉመን ይሰጣል ብላችሁ ገምቱ።

አኳሪየም ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። ትንሽ ብርሃን ለሚበቃው ተክል በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሉመን፤ መካከለኛ ለሚፈልገው ከ20 እስከ 40፤ ከዚያ በላይ ለአስቸጋሪዎቹ። እንግዲህ የኔን አስሉ። 55 ሊትር በ20 ሲባዛ 1,100 ሉመን ነው። ባለ 12 ዋት ኤልኢዲ ይበቃዋል ማለት ነው። እኔ ያበራሁበት ፓውዛ 50 ዋት ሲሆን ከ4,000 ሉመን በላይ ነው። ሊትሩን ከ70 በላይ ሉመን አሸክሜዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ደግሞ ሁለት አኑቢያስ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ቀለሙ። ባለሱቁ "ነጭ ወይስ ቢጫ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ካርቶኑ ላይ በኬልቪን ይጻፋል። 2,700 እና 3,000 ቢጫው ነው፣ ለሳሎን የሚሆነው። 6,500 ነጩ ነው፣ የቀን ብርሃን የሚመስለው። ለአኳሪየም 6,500 ውሰዱ። ተክል በቢጫውም ያድጋል፣ ነገር ግን ውሃው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፣ የዓሣውም ቀለም አያምርም። 10,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ለባሕር ውሃ ገንዳ የተለመደ ነው። በሪሞት የሚቀያየሩት ባለ ብዙ ቀለም ገመድ መብራቶች ለማሳመር ይሁኑ እንጂ ዋና መብራት አታድርጓቸው፣ ብርሃናቸው ደካማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰማያዊ አብርቶ መተውም ዓሣውን ከእረፍት ያውከዋል። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም፣ ብርሃኑን ጨፍኖ አያመልጠውም።

ፍሎረሰንት ያለው ሰው መጣል የለበትም፣ ይሠራል። ግን ብርሃኑ እየቆየ ይደክማል፣ ውስጡም ሜርኩሪ ስላለ ሲሰበር አደጋ አለው። አዲስ ለሚገዛ ኤልኢዲ ይሻላል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ጭራሽ ይቅርባችሁ። አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። "የኛ አገር ብርድ ነው፣ ውሃውን ያሞቅልኛል" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ማታ ስታጠፉት ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ይሞቃል። እንዲህ የሚዋዥቅ ሙቀት ዓሣን ያሳምማል። ለሙቀት ሂተር አለ።

ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ መብራት በዋጋም በማግኘትም ካስቸገራችሁ ተራ አምፖል ይሠራል። እኔ አሁን የምጠቀመው ባለ 7 ዋት ሁለት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ነው። አናጢ የሠራልኝ የእንጨት ክዳን ላይ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ በፖርታ ላምፓዳ ተገጥመዋል። አንድ ጠንካራ አምፖል መሃል ላይ ከማድረግ ሁለት ደካማ ማራራቅ ይሻላል፣ ጥግ ያለው ተክልም ይደርሰዋል። የክዳኑን ውስጥ ነጭ ቀለም ቀቡት። አምፖል ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚያበራ፣ ነጩ ቀለም ያንን ወደ ውሃው ይመልስላችኋል። ሁለቱ አንድ ላይ 14 ዋት ናቸው። በቀን 7 ሰዓት ሲበሩ በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የቆጣሪ ካርድ ለምንሞላ ሰዎች ይሄ የሚሰማ አይደለም።

መስኮትና ፀሐይ

ገንዳውን ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አታስቀምጡት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ፀሐያችን ኃይለኛ ነች። በዚያ ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ የደቡብ መስኮት ያለው ቤት ያኔ ነው ፀሐይ የሚገባው። ሰኔ አካባቢ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። እኔ አኳሪየሙን ያስቀመጥኩት በግንቦት ነው፣ ቦታው ጥላ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን የጠዋት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቁ መስኮት ገብታ ገንዳው ጎን ላይ አረፈች። እኛ አካባቢ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ፀሐይ የሚከልል ዛፍም ፎቅም ከፊት የለም። አሁን ያለው ቦታ ከመስኮቱ ጎን፣ ግድግዳው ሥር ነው። ማዛወር ካልቻላችሁ በዚያ በኩል ወፈር ያለ መጋረጃ ስቀሉ።

ስንት ሰዓት?

ከመብራቱ ዓይነት ይልቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አዲስ ገንዳ ከሆነ በቀን 6 ሰዓት ጀምሩ። ተክሉ ሥር ሲይዝ ወደ 7 ወይም 8 ከፍ አድርጉት። ከ10 ሰዓት አታሳልፉ። አልጌ ስታዩ መጀመሪያ ሰዓቱን ቀንሱ።

ሰዓቱን እናንተ ቤት በምትሆኑበት ጊዜ አድርጉት። እኔ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 4 ነው የማበራው። ከትምህርት ቤት ስመጣ በርቶ ይጠብቀኛል፣ ልጄም የቤት ሥራውን እየሠራ ያያቸዋል።

በእጅ ማብራትና ማጥፋት ይረሳል፤ ታይመር ግዙ። እዚህ ጋ ግን አደራ። ዲጂታሉ ታይመር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ያውም በ24። ከታች ፎቅ ያሉ ጋሽዬ ገንዳቸው በአልጌ ተቸግሮ "እስቲ ነይ እይልኝ ልጄ" አሉኝ። መብራታቸው ልከኛ ነው፣ መስኮትም የለበትም። ታይመሩን ሳየው 9:00 ይበራል፣ 4:00 ይጠፋል። እሳቸው ልክ እንደኔ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 4 ብለው ነው የሞሉት። ታይመሩ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት አብርቶ የሚያጠፋው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በቀን 19 ሰዓት! ዓሣዎቹ እንቅልፍ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። 15:00 እና 22:00 አድርጌላቸው ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱን አንዴ ከጠረጉት በኋላ አልጌው ተመልሶ አልመጣም። የቀኑ 9 በታይመሩ 15፣ የምሽቱ 4 ደግሞ 22 ነው፤ 6 መደመር አትርሱ።

ባለ ጥርሱ፣ የሚሽከረከረው ታይመር ርካሽና ጠንካራ ነው። ክቡን በኛ ሰዓት አስባችሁ ማስተካከልም ትችላላችሁ፣ እሱ የሚያውቀው 24 ሰዓት ማለፉን ብቻ ነው። ችግሩ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይሠራል። በኛ ሰፈር ይሄ በሳምንት ውስጥ ቀኑን ሌሊት ሊያደርገው ይችላል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ግን መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን አይስትም። ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ቢሆንም እሱን ውሰዱ።

መብራት ሲጠፋ ስለ ገንዳው አምፖል አትጨነቁ። ተክል አንድ ሁለት ቀን ያለ ብርሃን ይቆያል። የሚያሳስበው አየር መንፊያውና ማጣሪያው መቆሙ ነው። በተለይ ተክል የበዛበት ገንዳ ሌሊት ላይ፣ ምክንያቱም በጨለማ ተክሉም ኦክስጅን ይጠቀማል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። መብራት እስኪመጣም የአምፖሉን ስፒና ንቀሉት። ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ርካሽ ኤልኢዲ ያቃጥላል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ውሃና ኤሌክትሪክ

ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። "ውሃ አይገባውም" ተብሎ የተሸጠልኝ ገመድ መብራት ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ተላቅቆ ውሃ ገብቶት አገኘሁት። እጄን ሳልከት ስለነቀልኩት ተረፍኩ። የሻጭን ቃል አትመኑ፣ የአይፒ (IP) ቁጥሩን እዩ፤ ዕቃው አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ነው። ሁለተኛው አኃዝ ነው ስለ ውሃ የሚናገረው። አይፒ 20 ከውሃ ምንም አይከላከልም። 65 የሚረጭ ውሃ ይችላል። 67 ለአጭር ጊዜ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይቋቋማል። ውሃ ውስጥ ለሚኖር 68 ያስፈልጋል። ከተቻለ በአዳፕተር የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ምረጡ። 220 ቮልቱ ሶኬቱ ጋ ይቀራል።

አምፖል የምትጠቀሙ ከሆነ በውሃውና በአምፖሉ መሃል መስታወት አድርጉ። መስታወቱን በየሳምንቱ ጥረጉት፣ ውሃው ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ነገር ብርሃኑን ይቀንሳል። ገመዱ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ። ጠብታ በገመዱ ቢወርድ ከታች ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን ገንዳው ሥር መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋችሁ ምቱት። ውሃ ውስጥ እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። ልጆች ካሉም እንዲህ እንዲያደርጉ አስተምሯቸው።

ውሃው አረንጓዴ ከሆነባችሁ

እኔ እንዲህ ነው ያዳንኩት። ውሃውን ሲሶ ያህል ቀየርኩ። መብራቱን ነቅዬ ገንዳውን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቀለልኩት፣ ከላዩ ጋቢ ደረብኩበት። ነጠላ አይበቃም፣ ብርሃን ያሳልፋል። አየር መንፊያውን አላቆምኩም፣ የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳልና። አራት ቀን ምግብም አልሰጠሁም። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ይችለዋል። ልጄ በየቀኑ እየገለጠ ሊያይ ሲል "ተው፣ አሁን ተኝተዋል" እለዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ስንገልጠው ውሃው አመድማ ሆኖ የኋላው ግድግዳ ይታይ ነበር። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። ከዚያ ፓውዛውን ለወንድሜ ግቢ ሰጥቼ በ6 ሰዓት መብራት ጀመርኩ።

መብራቱ ልክ መሆኑን ተክሉ ይነግራችኋል። ግንዱ ወደ ላይ ከተመዘዘና ቅጠሎቹ ከተራራቁ፣ የታችኞቹም ከረገፉ ብርሃን አንሶታል። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ወይም ፀጉር የመሰለ ነገር ከበቀለ በዝቶበታል። አንድ ነገር ስትቀይሩ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፤ ተክል በአንድ ቀን አይመልስም።

ማታ ደግሞ የገንዳው መብራት ሲጠፋ የሳሎኑ ገና እንደበራ ይሁን። ሁለቱ አንድ ላይ ድንገት ድርግም ካሉ ዓሣዎቹ ደንግጠው መስታወቱን ይገጫሉ፣ አንዳንዱም ዘሎ ይወጣል። እኛ ቤት የገንዳው በ4 ሰዓት ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል በሳሎኑ መብራት ቀስ ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ትልቋ ጋፒ ሁሌ አኑቢያሱ ሥር ነው የምትገባው። እሷ ስትገባ የሳሎኑን አጠፋለሁ።